የዝምታው አንቀጽ

«ሽምግልና ማን አለህ?» አሉኝ እትዬ ሶልያና፣ ጋቢዬንና የተወለወለ ጫማዬን በተራ እያዩ።

ጋቢውን የለበስኩት ለሽምግልና ነው። ደረጃውን ስወርድ የመክፈቻ ንግግር እንኳ ተለማምጃለሁ። ትናንት «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ብቅ በል፣ ይልማም ይመጣል» ብለው ሲልኩብኝ ሌላ ምን ልገምት ነበር? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሳንሰር ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ጣሪያ፣ አንዱ ወለል የሚያዩ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ሳሎን ውስጥ ከተጠሩ፣ መሀላቸው የሚቀመጠው ሰው ሽማግሌ ነው። ይልማም እንደኔው ነው የገመተው። ስደርስ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ገና ያልበረደ ድፎ ዳቦ ጭኑ ላይ ታቅፎ፣ ጉሮሮውን ያጸዳ ነበር።

«የጠራሁህ ለእማኝነት ነው» አሉኝ። «እስክሪብቶ ይዘሃል?»

ሽማግሌ እስክሪብቶ አይዝም። ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ዳቦውንም ከይልማ ጭን ላይ አንስተው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው፣ ሳይቆርሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ የቀበሌ ማኅተም ያለበት ወረቀት ዘርግተው አንብብ አሉኝ። አነበብኩ። የአዲሱ የቤት ፕሮግራም መጫኛ የመጨረሻ ፈተና ዛሬ ይካሄዳል ይላል። ፈታኝ፣ ወይዘሮ ሶልያና። እማኝ፣ አቶ ሚኪያስ፤ ያ እኔ ነኝ። የሚጫንበት ቤት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት።

ቁጥሩን ደግሜ አየሁት። የይልማ ቤት ነው።

ይልማ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ስህተት ይኖራል፣ ፈተናው የሚደረገው ቀበሌው ባዘጋጀው ባዶ ክፍል ነው አለ። እትዬ ሶልያናም በጣም በትሕትና፣ ያ ደንብ ባለፈው ሐሙስ በብሎኩ ስብሰባ መሻሻሉን፣ ከእንግዲህ ሠሪው መጫኛውን በገዛ ቤቱ እንደሚያስፈትን፣ በሠላሳ አንድ ድምፅ መጽደቁን ነገሩት። ይልማ ስብሰባ አይወድም። የተማረ ሰው ስብሰባ አይወድም፤ ሄደን እጅ የምናወጣው እኛ ነን። ሐሙስ ዕለት እኔም አውጥቻለሁ። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ፣ አጠገቤ ያለው ሰው ስላወጣ ነው።

«ወረቀቱ ከተነበበ ጀምሮ ከዚያ ቤት ምንም አይወጣም፣ ምንም አይቀዳም» አሉ እትዬ። «ሚኪያስ፣ እሱንም ጻፈው።»

ጻፍኩት። ይልማም ዳቦውን ትቶ ተነሣ።

ለማያውቀን ሰው ነገሩን ላስረዳ። ያለነው ደብረ ብርሃን ነው፣ ብሎክ አርባ ሦስት፣ ዘመኑም 2071። እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ እኛም ዘንድ አሮጊቶቹ ሶልያናና ሔመን፣ ጎልማሶቹ ይልማና ተሰማ ናቸው፤ ስምም እንደ ሱሪ ስፌት ዞሮ ይመጣል። በሩ፣ ማሞቂያው፣ ቧንቧው፣ ምድጃው የሚታዘዘው ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። የውጭ አገሮቹ ሥርዓቶች አንድ በአንድ ከተዘጉብን ወዲህ ሌላ የለንም። የኛው ማገር ይባላል። በየሦስት ዓመቱ አዲስ ማገር ይወጣል፣ ሕጉም እያንዳንዱ ነዋሪ በገዛ እጁ ይጫነው ይላል፤ የሰው ቤት ምስጢር በሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ነው። እያንዳንዱን ነገር እየጠየቀ የሚያስጭነው ክፍል መጫኛ ይባላል። ይልማ የመጫኛው ሠሪ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ቆሻሻውን በሰዓቱ ያወጣል። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገር ያለብኝ ይመስለኛል።

የመጫኛ ሳምንት ሲደርስ ብሎካችንን ያየ ሰው ለቅሶ ቤት ይመስለዋል። ማሞቂያው ስለሚቆም ሁሉም ጋቢ ደራርቦ ኮሪደር ላይ ነው። በሮቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ባለቤቱን ገና ያላወቀ በር አይዘጋም። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ይጠይቃል፣ ሰው ይመልሳል። የሚያነብ ግን የለም። «ገጽ ስድስት ላይ ምን አላችሁት?» ብሎ አንዱ ከሦስተኛ ፎቅ ይጮኻል፣ «ቀጥል በለው» ይላል ሌላው ከአምስተኛ። እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ የአሳንሰር ጠጋኝ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚያ ስክሪን ላይ ያነበብኩት ቃል አንድ ብቻ ነው። ቀጥል።

እትዬ ሶልያናም የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ያኔ ባላቸው ጋሽ ናሆም ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጋሽ ናሆም በሕይወት ሳሉ ቤቱ በሳቸው ድምፅ እንዲናገር አድርገው ነበር። እትዬ ሊወጡ በሩ ዘንድ ሲደርሱ፣ በሩ «ሶሊ፣ ቁልፍ ይዘሻል?» ይላቸዋል። በሮች ቁልፍ ካቆሙ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰውየው ቀልደኛ ነበሩ። ካረፉም በኋላ በሩ መጠየቁን አልተወም፣ እትዬም «ይዣለሁ» ብለው ይወጣሉ። በደረጃው የምናልፍ ሁላችን ለምደነው ነበር። እንዲያውም አንዳንድ ቀን እኔም ከቤቴ ስወጣ ሳላስበው ኪሴን እዳብሳለሁ።

የዚያ ዓመቱ መጫኛ ገጽ ዘጠኝ ላይ ሁለት ምርጫ ነበረው። አንዱ ያለውን አቆይቶ መጫን፣ ሁለተኛው ሁሉን አጥፍቶ መጫን። ሁለተኛው አስቀድሞ ተመርጦ ነበር የሚመጣው፤ ለሠሪዎቹ እሱ ይቀላቸዋል። ከሥሩ ያለው አዝራር ትልቅ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ቀጥል ይላል። እትዬ ቀጠሉ። በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ዘንድ ሲደርሱ፣ በሩ በማያውቋት ሴት ድምፅ «መልካም ቀን፣ ተጠቃሚ» አላቸው።

አቤት አሉ። ማገርን ከሚሠራው ድርጅት ሰዎች መጥተው የቤቱን ዲስክ ነቅለው ለምርመራ ወሰዱ፣ ከወር በኋላ ባዶውን መለሱ። አብሮት ደብዳቤ መጣ። «ተጠቃሚዋ ገጹን ሳያነቡ ቀጥለዋል። የጠፋውን መመለስ አልተቻለም» ይላል፤ ፊርማው የይልማ ነው። እትዬ ደብዳቤውን እንደ ፎቶግራፍ መስታወት አስገብተው በሩ አጠገብ ሰቀሉት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ስኳር ለመበደር የገባ ሰው ሁሉ አንብቦት ይወጣል።

ከዚያ በኋላ እትዬ ሶልያና ስብሰባ ወዳድ ሆኑ። ብቸኝነት ነው አልን። ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ሁልጊዜ ስለ መጫኛ ይናገራሉ። በመጀመሪያ፣ አዲስ መጫኛ ወደ ብሎክ ከመግባቱ በፊት ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ተራ ነዋሪ ይፈትነው የሚለውን አስጸደቁ። ቀጥለው፣ ፈታኙ ያነበበውንና ያሰበውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገር፣ ሠሪውም የት ላይ እንደተምታታ ይስማ አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ ሠሪው ከኋላ ተቀምጦ ይመልከት፣ ነገር ግን አይናገር፣ አይጠቁም፣ ሆን ብሎ አያስል አሉ። ምክንያታቸውን የሚያስተባብል አልተገኘም፤ ሰው ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሲጭን ሠሪው አጠገቡ ቆሞ «አይ፣ እሱን አይደለም» አይለውማ። ሠሪው አንድ ቃል ከተነፈሰ መጫኛው ይወድቃል፣ ሦስት ዓመትም አይመለስም። ይህንን የዝምታው አንቀጽ እንለዋለን። ቀበሌው ለመልካም ዜጋነታቸው የምስክር ወረቀት ሲሰጣቸው ረጅም ጊዜ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያለ እሳቸው መጫኛው ሰው አይሆንም ነበር። የድሮው ጳጉሜን አያውቅም። እኔ የተወለድኩት ጳጉሜ ሦስት ነው፤ የገዛ በሬ እንዲከፈትልኝ መስከረም አንድ ተወለድኩ ብዬ ዋሽቼ ነው የምኖረው። ማሞቂያውን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አብራ ስትሉት፣ በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ ሰው በተኛበት ያበራዋል፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ብሎኩ ተኝቶ አላበው፣ ተነሥቶ ጥርሱን አንገጫገጨ። ከተማ የሚመረጥበት ካርታ ላይ ደብረ ብርሃን የምስር ፍሬ ታክላለች፤ እትዬ ባለፈው ወር በተደረገው ፈተና በአውራ ጣታቸው የጅቡቲ ነዋሪ ሆነው ነበር። የዚያን ዕለት እማኝ የነበረችው ባለቤቴ ናት። ፈታኝ ከአምስት ትንፋሽ በላይ ከቆመ እማኙ «አመነታ» ብሎ ይጽፋል፤ እሷ አርባ አንድ ጊዜ ጽፋ መጣች። ይልማ ከኋላ ሆኖ ከንፈሩን እየነከሰ ዋለ አለችኝ።

ሁሉንም አረመ። በአንድ ነገር ብቻ ተከራከረ። እትዬ የሚጠፋው ነገር በስሙ ተዘርዝሮ ይውጣ አሉ። ይጠፋል ካልከኝ ምን እንደሚጠፋ ንገረኝ ነው ነገራቸው። ይልማ፣ ገጹ ይረዝማል፣ ሰው ይሰለቻል አለ። በጽሑፍ አስገደዱት፤ ሠራው። ጨዋ ሰው ነው ብያለሁ፣ ከሠራ አይቀር አሳምሮ ሠራው፤ በትልልቅ ፊደል፣ አንድ መስመር ላይ አንድ ነገር። ስለዚህ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ፣ ትናንት ሲጠሩኝ ጠቡም አብሮ የተስተካከለ መስሎኝ ጋቢ ብለብስ አይፈረድብኝም።

ቁጥር አሥራ ሰባት ስንገባ የይልማ ቤት ማሞቂያ ተዘግቶ፣ በሩም እንደ ደንቡ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቀረ። እትዬ የራሳቸውን ትራስ ይዘው መጥተው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ይልማ ከኋላቸው ሦስት እርምጃ ርቆ። እኔ በጎን፣ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። ሰው ወሬ ሰምቶ ኮሪደሩ ላይ መቆም ጀምሯል፤ የማይዘጋ በር ላይ ቆሞ ማየት ነውር አይደለም።

እትዬ ጮክ ብለው እያነበቡ ሄዱ። ቋንቋ፣ አማርኛ፣ ከላይ ነው፣ ጥሩ። ከተማ በስም ይጻፋል፣ ጥሩ። ማሞቂያ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ከሥሩ «ፀሐይ ስትወጣ» የሚል ተጽፏል። «ይኼን ማን አስቦት ነው? ጎበዝ» አሉ። የይልማ ትከሻ ትንሽ ወረደ። የወራት ዝርዝር ላይ ሲደርሱ ወደኔ ሳይዞሩ «ጳጉሜ። አለች» አሉ። በሃምሳ አራት ዓመቴ እንደገና የተወለድኩ ያህል ደስ አለኝ። እስከ ገጽ ስምንት ድረስ ወረቀቴ ላይ አንድም «አመነቱ» የለም።

ገጽ ዘጠኝ መጣ። ሁለቱ ምርጫዎች እኩል ተጽፈዋል፣ አስቀድሞ የተመረጠ የለም። ፈታኝ ያሻውን ይመርጣል፣ ደንቡ ነው።

«ሁለተኛውን እመርጣለሁ» አሉ እትዬ። «ሁሉን አጥፍቶ መጫን።»

ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«‹ይህን ከመረጡ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ለዘላለም ይጠፋሉ።› ግልጽ ነው። ዝርዝሩን አነባለሁ። ‹የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ አሥራ አራት። የተሄደበት፣ ሁለት።› ጥርስ እንደዚህ አይቀለድበትም።» ያሰቡትን መናገር ግዴታቸው ነው። «‹ከደሴ የእናቴ ጥሪ፣ ያልተመለሰ፣ ስልሳ አንድ።›»

እዚህ ላይ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። የራስ መነቅነቅ እንዴት እንደሚመዘገብ ደንቡ አይልም፣ አለፍኩት።

«‹ግጥም፣ ያላለቀ።› ‹ለሔለን፣ ያልተላከ ደብዳቤ፣ ሁለት መቶ ዘጠኝ።›»

በብሎካችን ሔለን የሚባሉ ሦስት ናቸው። ኮሪደሩ ላይ መተያየት ተጀመረ። ይልማ ፊቱ በርበሬ መስሎ ስክሪኑን ያያል፣ አፉ ግን እንደተገጠመ ነው። አንድ ቃል ቢናገር ሁለት ዓመት የደከመበት ሥራ ይወድቃል፣ ማገርን የሚሠራው ድርጅትም ያባርረዋል። ዝም ቢል ደግሞ የቤቱ ነገር ሁሉ በአንዲት አሮጊት ጣት ሥር ነው።

የገባኝ ያኔ ነው። ጮክ ብሎ ማንበብ። ዝምታው። የገዛ ቤቱ። ሦስቱን በልቤ አንድ ላይ ደረደርኳቸው። እኛ ብቸኝነት ያልነው ነገር ዘጠኝ ዓመት የፈጀ ወጥመድ ነበር፤ ገመዱን እየያዝንላቸው፣ እጅ እያወጣንላቸው፣ በመጨረሻም እያጨበጨብንላቸው ነው የሠሩት። የሳቸው ነገር ሲጠፋ ማንም ሳያያቸው ብቻቸውን ነበሩ። እሱ ግን ሰው ፊት ተቀምጦ፣ የሚጠፋውን በስም በስሙ እየሰማ፣ ዝም እንዲል ነው የፈለጉት። ከዚያ በላይ አስበው እንደነበር እጠራጠራለሁ። የመጨረሻውን መስመር ማንም አልጠበቀውም።

«‹ቅሬታ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ስምንት›» ብለው አነበቡ። «‹የባልየው ድምፅ፣ ከዲስኩ የተረፈ። አሥራ አንድ ደቂቃ።›»

ቆሙ። ከዚያ በዚያው ድምፅ የቀረችውን ቃል ጨመሩ።

«‹እንዳይመለስ።›»

ትንፋሽ ቆጠርኩ። አምስት ስሞላ «አመነቱ» ብዬ ጻፍኩ። ቆጠራውን አላቆምኩም፣ ሠላሳ ደረስኩ፤ ለሠላሳ ግን ደንቡ ሌላ ቃል አላዘጋጀም። እትዬ ወደ ኋላ አልዞሩም። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት።

«እያሰብኩ ነው» አሉ፣ እንደ ደንቡ። «ደብዳቤው መመለስ አልተቻለም ይላል። እዚህ እንዳይመለስ ይላል። ሁለቱንም አንብቤያለሁ። ማንም አላነበበችም እንዳይለኝ፣ ሚኪያስ፣ ጻፈው።»

ጻፍኩ።

«አሁን አዝራሩን አነባለሁ። ድሮ ቀጥል ይል ነበር። አሁን ‹ከላይ የተዘረዘሩትን አጥፋና ጫን› ይላል። ይኼ ጥሩ ነው። በዚህ የሚሳሳት ሰው የለም።»

ጣታቸውን አነሡ።

ይጫኑት ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ባለቤቴ በፍጹም አይጫኑትም ትላለች፤ የባሏን ድምፅ በገዛ ጣቷ የምታጠፋ ሴት የለችም ባይ ናት። እኔ ግን ጣቱን አይቻለሁ። አይንቀጠቀጥም ነበር። ወደ ስክሪኑም ይሄድ ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ ጨው እንደሚቀምስ ሰው።

«አይንኩት» አለ ይልማ።

ወንበሩ ከኋላው ወደቀ። አንዴ አፉ ከተከፈተ በኋላ አልዘጋ አለው። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ እንደነበረ፣ ሥራ ከጀመረ አራት ወሩ እንደነበረ ተናገረ። ከተበላሸው ዲስክ ውስጥ አሥራ አንዱን ደቂቃ ያወጣው እሱ ራሱ ነው። አለቆቹ ግን ከመለስነው ጥፋቱ የኛ ነው ማለት ነው ብለው፣ ያችን ‹እንዳይመለስ› የምትል ቃል ከላዩ ጽፈው፣ ደብዳቤውን አስፈረሙት። የቀረው ሁሉ ሲወገድ እሱ ሰርቆ ወደ ቤቱ አመጣው። ድምፁን ይዞ ስንት ቀን ደረጃ ወርዶ በራቸው ድረስ ሄዷል። ሄዶ ያች የበሩ ሴት ከውስጥ «መልካም ቀን፣ ተጠቃሚ» ስትል ይሰማል፣ ይመለሳል። ኮሪደሩ ላይ ከሔለኖቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ወረቀቴ ግርጌ ላይ አንዲት ሣጥን አለች። «ሠሪው ተናግሯል?» ትላለች። እስክሪብቶውን ይዤ ትንሽ ቆየሁ፤ እኔም አመነታሁ፣ የእማኝ ማመንታት ግን አይመዘገብም። ከዚያ «አዎ» ብዬ ምልክት አደረግሁ። ያ ሁሉ የተስተካከለ ሰዓት፣ ያ ሁሉ ካርታ፣ ጳጉሜም ራሷ በዚያች ጭረት ከደጃችን ተመለሱ። እንደገና ለሦስት ዓመት መስከረም አንድ የተወለድኩ ሰው ሆንኩ።

«ልመልስልዎት ነበር እኮ፣ እትዬ» አለ ይልማ በመጨረሻ፣ ቆሞ፣ እጆቹን የሚያደርግበት አጥቶ። «ምን ብዬ እንደምጀምር ነው የጠፋኝ። ዝም አልኩ።»

እትዬ ሶልያና ጣታቸውን ከአዝራሩ ፊት ሳያወርዱ፣ ዞር ብለውም ሳያዩት፣

«ዘጠኝ ዓመት የቻልከውን ዝምታ፣ ዛሬ አንድ ሰዓት አቃተህ?» አሉት።